አባባን ያደረቃቸው ጨው

ባለፈው ጥቅምት የእህቴ ልጅ ልታገባ ሆነና ጋቢ ልገዛላት ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ለኔ ጋቢ መግዛት የሦስት ደቂቃ ሥራ ነው። ይኼን፣ ስንት ነው፣ ጠቅልለው፣ በቃ። ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሃያ ጋቢ የማገላብጥበት ትዕግስት አልፈጠረብኝም፤ ወላጆቼ ግን ምን ታይቷቸው እንደሆነ እንጃ፣ ስሜን ትዕግስት ብለውኛል። የዚያን ቀን ባለሱቁ የፈለግሁት ጥለት አልቆበት ኖሮ «ሸማኔው ከጓሮ አለ፤ ግቢና እሱን አነጋግሪው» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ዝቅ ወዳለችው የቆርቆሮ ቤት ስገባ የእርጥብ አፈር፣ የጥጥ ብናኝና ከጠዋት ጀምሮ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የዋለ ሰው ላብ ተደባልቆ አፍንጫዬን መታው። እዚያው በሩ ላይ ቀረሁ። እኔ! አንድ ቦታ ቆሜ! ሰባት ቀን የቆምኩ መሰለኝ።

ሸማኔው መወርወሪያውን አቁሞ አየኝ። ወጣት ነው።

«እናቴ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?»

«አያቴ» አልኩት።

ልጁ ደንግጦ የተቀመጠበትን ጉድጓድ ጎንበስ ብሎ አየ።

የእናቴን አባት ማለቴ ነበር። አባባ ዳና ከጋሞ ደጋ መጥተው፣ ሽሮ ሜዳ ከአንድ ወዳጃቸው ጋር ሸማ የሚሠሩበት ጉድጓድ ቆፍረው፣ ዕድሜያቸውን ግማሹን ከወገባቸው በታች መሬት ውስጥ ያሳለፉ ሰው ናቸው። እኔ ሰባተኛ ክፍል ስገባ ጉልበታቸው ደክሞ ስለነበር ዕቃቸውን ወደኛ ቤት አዛውረው ጓሮ ነበር የሚሠሩት። ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ወደ ቀጨኔ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። ቁልቁለት ስል እንዲያው ዝቅ ያለ መንገድ እንዳይመስላችሁ። እኛ ሰፈር ድንች ከእጅ ካመለጠ የሚገኘው ፒያሳ ነው።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር በወር አራት ቀን ብናየው ነው። እናቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ያለነው አባባና እኔ ነን። የኔ ሥራ ማጉን ቀሰም በምትባለው ትንሽ ሸምበቆ ላይ መጠቅለል ነው። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ! አንድ ቀሰም ሳልጨርስ ሦስት ጊዜ ውሃ ጠጥቼ፣ ሁለት ጊዜ አጥር ላይ ወጥቼ፣ አንድ ጊዜ የጎረቤት ድመት አባርሬ እመለሳለሁ። አባባ መወርወሪያዬ ይሉኛል። «ግን ይቺኛዋ» ይላሉ እጃቸው ላይ ያለችውን እያሳዩኝ «ወዲያ ሄዳ ስትመለስ ሥራ ሠርታ ነው። አንቺ ወዲያ ሄደሽ ስትመለሺ ምን ሠራሽ?»

የዚያ ዓመት መስከረም ሲጋመስ አባባ እንደ ሌላው ሸማኔ ሁሉ ለመስቀል አገራቸው ሄዱ። መስቀል ሲደርስ ሽሮ ሜዳ ጭር ነው የሚለው፤ ሸማ ቢቀደድብህ የሚጠግንልህ አታገኝም። አባባ አገራቸው ከዘመድ ጋር በሬ ተቃርጠው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥሬ ሥጋ በልተው፣ ጉንጫቸው ሞልቶ ተመለሱ። ይኼን ጥሬ ሥጋ ያዙልኝ፤ መዘዙ ኋላ ይመጣል።

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሳይንቲስት ሆንኩ።

ጥፋተኛው ቲቸር ገዛኸኝ ነው። ገና ከኮሌጅ መውጣቱ ነው፤ አንድ ኮት አለው፣ ኮቱ ከሱ ይበልጣል። ትምህርት ቤታችን ያለችው ማይክሮስኮፕ አንዲት ናት፤ የምትኖረው ዳይሬክተሩ ቢሮ ተቆልፎባት ነው። የምትወጣው በዓመት አንዴ ስለሆነ፣ የወጣች ቀን እንደ ሙሽራ አጅበን ነው ክፍል ያስገባናት። ቲቸር የሽንኩርት ልጣጭ መስታወት ላይ አድርጎ አዮዲን ጠብ አደረገበትና «ሁሉም ሕይወት ያለው ነገር ከሴል ነው የተሠራው። አሁን ታዩታላችሁ፤ በሰልፍ!» አለ። ሰባ ምናምን ልጆች ነን። ለአንድ ሰው ሦስት እስኪቆጠር ነው የተፈቀደው። ተራዬ ደርሶ ዓይኔን ስለጥፍበት ጥቁር፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ነገር አየሁ። ሲንቀሳቀስም አየሁት! ደስታዬ ወሰን አጣ። ቤት እስክደርስ መቆየት አልቻልኩም፤ ቁልቁለቱን በአየር ላይ ነው የወረድኩት።

«አባባ! እርስዎ ከምን እንደተሠሩ ያውቃሉ?»

«ከአፈር።»

«ከሴል! በዓይኔ አየሁት። ጥቁር ነው፣ ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው።»

አባባ መወርወሪያቸውን አቆሙ። «ክር ነው በዪኛ! ሰው ከክር ነው የተሠራው። እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር።»

በማግስቱ የሣልኩትን ቲቸር አየው። «ትዕግስት፣ ይኼ ምንድን ነው?» «ሴል።» «ይኼ የዓይንሽ ሽፋሽፍት ነው።» ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ አንድ ሁለቱ ተነስቷል ብል አላጋነንኩም። ለአባባ ግን አላረምኩላቸውም። ከክር መሠራታቸው በጣም ደስ ብሏቸው ነበር።

ቲቸር ገዛኸኝ መቼም ማስተማር ይችልበታል። ሴል እንደ አንድ ቤት ነው አለን። ዙሪያውን የከበበው ስስ ሽፋን ደግሞ እንደ ቀበሌ ጥበቃ ነው፤ ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል የሚለውን እሱ ይወስናል። ይኼን ሲል በመስኮት ውጭውን አየና ድምፁን ቀነስ አደረገ፤ ጊዜው የደርግ ነው። «ትንንሹን ያሳልፋል፤ ትልልቁን ያስቆማል። ውሃ ትንሽ ነው፤ ያልፋል። ታዲያ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ጨው ወደበዛበት።» ሁለት ብርጭቆ አቀረበ፤ አንዱ ውስጥ ንጹህ ውሃ፣ አንዱ ውስጥ ጨው የበዛበት ውሃ። በሁለቱም የድንች ቁራጭ ጨመረና አሳደረው።

በማግስቱ ንጹህ ውሃ ውስጥ ያደረውን ሲያጥፈው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ጨው ውስጥ ያደረውን በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው፤ እንደ ምድር ትል ተልፈስፍሶ ተንጠለጠለ።

«ውሃው የት ሄደ?»

«ጨው አወጣው!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ከኋላዬ ላለችው ልጅ ላስረዳት ዞርኩ፤ አልታያት ስላለ ዴስኩ ላይ ወጣሁ፤ ዴስኩ ላይ እንደወጣሁ የጎን ልጅ ቀለም ደፋሁ።

«ትዕግስት! ውጪ! በር ላይ ተንበርከኪ!»

ወጥቼ ተንበረከክሁ። ውስጥ ጠመኔው ሲንጫጫ፣ ቲቸር ረጅም ነገር ሲያስረዳ ይሰማኛል፤ ምን እንደሚል ግን ጆሮ አልሰጠሁትም፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ዶሮዎች ሲጣሉ እያየሁ ነበር። ስለዚህ ደብተሬ ላይ የተጻፈው የትምህርቱ ግማሽ ብቻ ነው። እንዲህ ይላል፦ ጨው ውሃ ያወጣል፤ ሴል ይጨማደዳል፤ ይሞታል። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

የዚያን ቀን ቤት ስገባ አባባ የተቀቀለ ድንች በጨው እየበሉ ነበር። አባባ ጨው ይወዳሉ ማለት አይገልጸውም። እሳቸው ድንች በጨው አይበሉም፤ ጨው ነው በድንች የሚበሉት። ቆምኩና ፊታቸውን አየሁ። ግንባራቸው የተጨማደደ፣ አንገታቸው የተጨማደደ፣ እጃቸው እንደዚያ እንደተንጠለጠለው ድንች። ወዲያው ገባኝ! ሰው ሁሉ እርጅና ይለዋል እንጂ እርጅና አልነበረም።

«አባባ፣ ጨው ያቁሙ። ያጨማደድዎት እሱ ነው።»

«ኧረ?»

«ሴልዎ ውስጥ ያለውን ውሃ እያወጣው ነው። ካቆሙ ተመልሰው ይወጠራሉ።»

«እወጠራለሁ?» ድንቹን ጨው ላይ አንዴ አንከባለሉት። «እንግዲያው ቶሎ ብለሽ ሚስት ፈልጊልኝ።»

ተናደድኩ። አንድ ሰው ዓይኔ እያየ ሲደርቅ ቁጭ ብዬ ልይ? ቁጭ ማለት ድሮም አልችል! በቃ፣ እርምጃ ወሰድኩ።

ያን ጊዜ ጨውም፣ ስኳርም፣ ሳሙናም የሚገኘው ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ በካርድ ነው። እናቴ ያመጣችውን ጨው የምታስቀምጠው የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ነበር። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ እፍኝ ከጣሳው ወደ ዩኒፎርሜ ኪስ፣ ከኪሴ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ብርቄ ጓሮ። ለምን እዚያ? አፈሩ የለሰለሰ ነው፣ ቀዳዳውም ለኔ እጅ ልክ ነው። አፈሩ የለሰለሰው ጎመን ስለተተከለበት መሆኑን ልብ አላልኩም።

«ይኼ ጨው እግር አለው እንዴ?» ትላለች እናቴ ጣሳውን እያናወጠች። «እርጥበት ነው መሰል የሚያቀልጠው።» ሽሮው ጨው ራቀው። አባባ አንድ ሁለቴ ጎርሰው እጃቸውን ይሰበስቡ ጀመር። «አገሩ ጨው አለቀበት?» ይሉና ወደ ጉድጓዳቸው ይመለሳሉ። እኔ ጠዋት ጠዋት ግንባራቸውን እያየሁ መስመሮቹን እቆጥራለሁ። የቀነሱ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የእትዬ ብርቄ ጎመን ቅጠሉን ጥሎ መሬት ላይ ተኛ። እትዬ ብርቄ እግራቸውን ስለሚያማቸው በትር ይዘው የሚሄዱ፣ ምላሳቸው ግን ምንም በትር የማይፈልግ ሴት ናቸው። አጥሩ ጋ መጥተው እናቴ ላይ ጀመሩ።

«አንቺ የምንትዋብ! የልብስ እጣቢሽን የምትደፊበት ሌላ ቦታ አጣሽ?»

«እኔ? እኔ አንድም ቀን እጣቢ ደፍቼ አላውቅም!»

«ታዲያ ጎመኔ ራሱን ገደለ?»

«እርስዎ ሲጮሁበት ደንግጦ ይሆናል!»

ከዚያን ቀን ወዲያ እናቴና እትዬ ብርቄ ተኳረፉ። በመንገድ ሲገናኙ አንዷ ሰማይ፣ አንዷ መሬት ታያለች። እኔ ከአጥሩ ሥር ቁጢጥ ብዬ የተኛውን ጎመን አየሁና፣ ማፈር ሲገባኝ፣ ኮራሁ። ያው እንደ ድንቹ ነዋ! ትምህርቱ እውነት ነው!

እንግዲህ ያንን የመስቀል ጥሬ ሥጋ አሁን አምጡት። ኅዳር ሊያልቅ ሲል አባባ ሆዳቸውን እየያዙ «ኮሶ ታይቶኛል» አሉ። ያን ጊዜ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ሁሉ የሆዱን ትል ለማስወጣት በየጊዜው ኮሶ ይጠጣል፤ የኮሶ አበባ ተወቅጦ፣ በውሃ ተዘፍዝፎ ያድርና በባዶ ሆድ ይጠጣል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ከሰው ሳይገናኙ ቤት መዋል ነው። እናቴ «አባዬ፣ ሰውነትዎ ከስቷል፤ ትንሽ ይቆይ» ብላ ነበር። አባባ እሺ አላሉም። የተመረጠው ቀን እሑድ ሆነ፤ እሑድ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ አለ። ከስብሰባ የቀረ ሰው የራሽን ካርዱ ይያዝበታል።

እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች ጣቷን አፍንጫዬ ላይ ቀሰረች። «ከአጠገባቸው አትነሺ። ድመት የለ፣ አጥር የለ። ቁጭ!»

«እሺ።»

«ቁጭ ነው ያልኩሽ!»

ፊቱ ኮሶ የጠጣ ይመስላል ሲባል ሰምታችኋል። እኔ ዋናውን ፊት አይቻለሁ። አባባ ጣሳውን በአንድ ትንፋሽ ገለበጡትና፣ ፊታቸው ላይ ያለው ነገር ሁሉ፣ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ መሀል ላይ ተሰበሰበ። መጀመሪያ ሁሉም ደህና ነበር። እኔ በክፍሉ ውስጥ ስዞር፣ እሳቸው ወደ ጓሮ ሲመላለሱ፣ በር ላይ እየተጋጨን እንሳሳቃለን። ረፋዱ ላይ ያ ትል ወጣ። አባባ ድል እንዳደረገ ሰው በሩን ተደግፈው «አሥር ክንድ ናት!» አሉ። «ጥለት ቢገባላት ነጠላ ይወጣታል።»

ግን ኮሶው ትሉ ከወጣ በኋላም አልተወም። ሄዱ፣ ተመለሱ፤ ሄዱ፣ ተመለሱ። ከአሥረኛው በኋላ መቁጠር ተውኩ። ከዚያ መሄዱ አቅቷቸው መደባቸው ላይ ተኙ። ውሃ ሰጠኋቸው፤ አስመለሳቸው። ደግሜ ሰጠሁ፤ አስመለሳቸው። ዓይናቸው ወደ ውስጥ ገባ፣ ከንፈራቸው ተሰነጠቀ። የጨው ጣሳው ከወር በላይ ባዶ ነው ለማለት ይቻላል፤ አባባ ግን ዓይኔ እያየ ይደርቃሉ። ይኼ የትኛውም ደብተሬ ላይ አልነበረም። «አባባ» እላለሁ፤ አይመልሱም። ትንሽ ቆይተው በማልሰማው በጋሞኛ ሰው መጣራት ጀመሩ። ማንን እንደሚጠሩ አላውቅም። እዚያ ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሮጥኩ።

መጀመሪያ የሚደረሰው እትዬ ብርቄ በር ነው፤ እሳቸው በእግራቸው ምክንያት ከስብሰባ የሚያስቀር ወረቀት አላቸው፣ ቤት ናቸው። ግን ጎመኑ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኳቸው። ቀበሌው አዳራሽ ያለው አቀበቱ ጫፍ ላይ ነው። በሩ ላይ ጥበቃው ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል።

«ወዴት ነሽ?»

«እናቴ ውስጥ ናት፣ አያቴ...»

«ስብሰባ ሳያልቅ የሚገባም የሚወጣም የለም።»

«አያቴ እየሞቱ ነው!»

«ከሰብሳቢው ፈቃድ አምጪ።»

ፈቃዱ ያለው ውስጥ፣ እኔ ያለሁት ውጭ! ያኔ ነው፣ እናንተዬ፣ ቲቸር ገዛኸኝ ትዝ ያለኝ። ትንንሹን ያሳልፋል፤ ትልልቁን ያስቆማል። ጎንበስ አልኩና በጥበቃው ቅልጥሞች መሀል ሾልኬ ገባሁ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሰብሳቢው ስለ ምርት እድገት ይናገራል፤ ግማሹ ሰው ዓይኑን ገልጦ ተኝቷል። «እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። «አባባ ደረቁ!»

እናቴ ከመሀል ረድፍ ብድግ አለች። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ። «ጓዲት፣ ተቀመጪ! በሥነ ሥርዓት!» ያን ጊዜ ጋሽ ታደሰ እጁን አወጣ። ጋሽ ታደሰ ድሬሰር ነው፤ ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ለኛ ሰፈር ከዶክተር የማያንስ ሰው። «ጓድ ሰብሳቢ፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» አለ። ሰብሳቢው ጥያቄውን ለመስማት አንገቱን ቀና ሲያደርግ፣ ጋሽ ታደሰ እናቴን በክንዷ ይዞ በሩ ጋ ደርሷል። ጥያቄው ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ቤት ገብቶ የአባባን እጅ አነሳ። ቆዳቸውን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ወደ ላይ ሳበና ለቀቀው። ቆዳው እዚያው እንደተሳበ ቆመ። አልተመለሰም። ጋሽ ታደሰ ወደ እናቴ ዞረ።

«ውሃቸው አልቋል። መኪና ይፈለግ፤ እስኪገኝ ግን እንዲሁ አንቆይም። የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ አንድ ሊትር፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።»

«ጨው?» አልኩ።

«ጨው። ውሃ ብቻውን አልያዘላቸውም አይደል? ከሰውነታቸው የወጣው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ጨውም አብሮ ነው የወጣው። ጨው ከሌለ ውሃውን ማን ይይዘዋል? ሲበዛም ይጎዳል፣ ሲያንስም ይጎዳል። ሰውነት ልኩን ነው የሚፈልገው።»

ለካ ይኼ ነበር! በር ላይ ተንበርክኬ ዶሮ ሳይ፣ ጠመኔው ሲንጫጫ የነበረው ይኼን ሲጽፍ ነበር!

እናቴ ስኳሩን አገኘች። የወተት ዱቄት ጣሳውን ከፈተች። ገለበጠችው። መታችው። «ያመጣሁት ገና... ኧረ የጨው ያለህ!» ኅብረት ሱቁ ዝግ ነው፤ ባለሱቁ አዳራሽ ውስጥ ነው። «እኔ አመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ። ይኼኛው ሩጫ ሃያ እርምጃ ነው፤ በሕይወቴ ግን ከዚህ የረዘመ መንገድ አልሄድኩም።

እትዬ ብርቄ በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«እትዬ ብርቄ፣ ጨው ይስጡኝ።»

«እናትሽ ላከችሽ? አሁን ነው ጎረቤት መሆኔ ትዝ ያላት?»

«አልላከችኝም። አባባ ሊሞቱ ነው። ጎመንዎን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«የቤታችንን ጨው በሙሉ ሥሩ ላይ ደፍቼው ነው። እማዬ እጣቢ አልደፋችም። አባባ እንዳይደርቁ ብዬ ነው፤ አሁን ጨው የለንም፣ አባባ ደግሞ ደረቁ።»

እትዬ ብርቄ ዝም ሲሉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ምስሩን አስቀመጡ። ገብተው ጨው የሞላ ብርጭቆ ይዘው ወጡና በትራቸውን እዚያው በር ላይ ጥለው ሮጡ። እውነቴን ነው፣ ሮጡ! ቀበሌው ያንን ሩጫ ቢያይ ወረቀታቸውን በዚያው ቀን ይቀዳደው ነበር። እኔ ከኋላ ነው የደረስኩት።

«ይኸው ጨው! ይቺ የኛ ዶክተር ጎመኔ ላይ ስትደፋው የከረመችው ነው! የምንትዋብ፣ እጣቢውን ይቅር በዪኝ፤ ያንቺ እዳ ልጅሽ ናት።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ። የእናቴ እጅ ፈጣን ነው፤ ጥፋቱ ሳያልቅ ነው የሚደርሰው። ምንም አልመጣም። ዓይኔን ስገልጥ ወደ አባባ ዞራለች። እዚህ ላይ ነው በእውነት የፈራሁት። እናቴ እኔን ለመምታት ጊዜ ካጣች አባባ እየሞቱ ነው ማለት ነው።

ጋሽ ታደሰ ለክቶ በጠበጠና ማንኪያውን ወደኔ ዘረጋ። «ቅመሺ። እንባ ታውቂያለሽ አይደል? ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ማለት የለበትም።» ለማነጻጸሪያ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ ጉንጬ ላይ ሞልቷል። ቀመስኩ፤ ልክ ነው። «በይ እንግዲህ ሥራሽ ይኼ ነው። በማንኪያ፣ ቀስ እያልሽ። ካስመለሳቸው ትንሽ ቆይተሽ እንደገና። ማቆም የለም። ሽንት ከሸኑ ተርፈዋል ማለት ነው።» እሱ መኪና ሊፈልግ ወጣ።

ቁጭ አልኩ። አንድ ማንኪያ። አንድ ማንኪያ። አስመለሳቸው። ቆየሁና አንድ ማንኪያ። እግሬ ይበላኛል፣ ጀርባዬን ይበላኛል፣ መላ ሰውነቴ ተነሺ ተነሺ ይለኛል፤ ከውስጤ አንድ ሺህ ድመት አጥር ላይ ይዘላል። አልተነሳሁም። አንድ ማንኪያ። እናቴ ከእግራቸው በኩል፣ እትዬ ብርቄ ከራስጌ ተቀምጠዋል። ስብሰባው አልቆ የሰፈሩ ሰው ግቢያችን ውስጥ ተሰበሰበ። በየደቂቃው አንድ ጭንቅላት በበሩ ብቅ ይላል፦

«ሸኑ?»

«ገና ናቸው።»

«ኤዲያ!»

የተበጠበጠው ሲያልቅ እናቴ ሌላ በጠበጠች። የአባባን ቆዳ ቆንጥጬ ለቀቅሁ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰነፍ ልጅ ወደ ቦታው ተመለሰ። ደግሜ ቆነጠጥኩ፤ ትንሽ ፈጠነ። በሦስተኛው «ተይ ያማል» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። በአማርኛ! ቀጥሎ አባባ እናቴን በዓይናቸው ጠሩና በጆሮዋ አንድ ነገር አሉ። እናቴ እኔንና እትዬ ብርቄን አስወጥታ በሩን ዘጋች።

ግቢው ጸጥ አለ። ከሠላሳ የማያንስ ሰው ትንፋሹን ይዟል፤ ለኔ ሠላሳ ሺህ ነው። ከዚያ ከውስጥ፣ ባልዲ ላይ፣ ቀጭን፣ የሚቆራረጥ፣ ደግሞ የሚቀጥል ድምፅ መጣ።

እትዬ ብርቄ እልልታውን አቀለጡት! እኔ እስከማውቀው በጉለሌ ምድር ለሽንት እልል ሲባል የመጀመሪያው ነው። ሴቱ ተቀበላቸው፤ ከላይኛው ሰፈር ያሉት ሙሽራ የመጣ መስሏቸው እልል እያሉ መለሱልን። ጋሽ ታደሰ ከአንድ ታክሲ ጋር ሲደርስ ሹፌሩ «ሠርግ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

በሩ ተከፈተ። እናቴ ባልዲውን ይዛ ወጣች፤ በሁለት እጇ፣ እንዳይደፋባት የምትጠነቀቅለት ውድ ነገር የያዘች ይመስል። ዓይኗ ቀልቷል። ለጋሽ ታደሰ አሳየችው፤ እሱም አየና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ባልዲውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። እጇን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ወደኔ መጥታ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በጥፊ አጮለችኝ።

ጆሮዬ ጭው አለ። እንደዚያ ጥፊ ደስ ያለኝ ነገር በሕይወቴ የለም። እናቴ ጊዜ አግኝታለች!